የአሮጌ ሁለት ጎማ ትራክተር ካምቢዮ፦ አሠራሩ፣ አያያዙና ሲበላሽ ከየት እንደሚጀመር

ደምቢያ ሜዳ ላይ፣ ጎንደር ዙሪያ ማክሰኝት አካባቢ፣ ወደ ደቡብም ፎገራ የሩዝ ማሳ ውስጥ የሚሠራው ባለ አንድ ሲሊንደር ሁለት ጎማ ትራክተር ዕድሜው በገፋ ቁጥር ባለቤቱ የሚያማርረው በካምቢዮው ነው። ማርሽ አልገባ ይላል፤ የገባውም ጭነት ሲበዛበት ዘልሎ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ታዲያ ወዲያው የካምቢዮው ሳጥን ይፈታል። ሳጥኑ ግን ጠንካራ ነገር ነው፤ ዘይቱ ከተጠበቀለት ብዙ ዓመት ያገለግላል። ቀድሞ የሚበላሸው ከሳጥኑ ውጭ ያለው ነው፦ የላላ ቺንጊያ፣ ጨርሶ የማይለቅ ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘውና የሚያለያየው)፣ የተጣመመ ወይም ቀዳዳው የሰፋ ማያያዣ። ስለዚህ ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት ማሽኑ ጉልበቱን በየት በኩል እንደሚያስተላልፍ ማወቅ አለባችሁ።

እዚህ የተጻፉት ልኬቶች ለዶንግፌንግ 12 እና እሱን ለመሰሉ 12 የፈረስ ጉልበት ማሽኖች ናቸው። የማሽናችሁ መመሪያ መጽሐፍ በእጃችሁ ካለ ቁጥሩን ከዚያ ውሰዱ።

ጉልበቱ የሚሄድበት መንገድ

ሞተሩ ፊት ላይ ተጋድሞ ተቀምጧል። ከቮላኖው (ከሞተሩ ከባድ መዘውር) ፑሊ ተነስተው ሦስት ወይም አራት ቺንጊያዎች ጎን ለጎን ወደ ኋላ ይሄዱና ከካምቢዮው ጎን ያለውን ትልቁን ፑሊ ያዞራሉ። ፍሪሲዮኑ ያለው በዚህ ፑሊ ውስጥ ነው። ደረቅ ፍሪሲዮን ነው፤ ሸራ የሚባለው የሚፋተግ ልባስ ያለባቸውን ዲስኮች ሞላዎች ጨምቀው ይይዟቸዋል። የፍሪሲዮኑን እጀታ ወደ ኋላ ስትስቡ ኩሽኔታ ሦስት ትንንሽ ክንዶችን ይገፋል፤ ክንዶቹ ሞላውን ያሸንፉና ዲስኮቹ ይለቃሉ። ያንኑ እጀታ ጨርሳችሁ ስትስቡት ፍሬን ይይዛል። ሦስት ቦታ እንዳለው አስተውሉ፦ ፊት ሲሆን ይዟል፣ መሀል ላይ ለቋል፣ ኋላ ድረስ ሲመጣ ፍሬን ነው።

ከፍሪሲዮኑ ጉልበቱ ወደ ሳጥኑ ይገባል። መጀመሪያ ዋናው ማርሽ፣ ቀጥሎ ሪዶታው (ቀርፋፋው ግን ጉልበተኛው) እና ፈጣኑ የሚመረጡበት ጥርስ፣ ቀጥሎ የግራና የቀኝ ጎማ መሪ፣ በመጨረሻም ጎማውን የሚያዞሩት ትልልቆቹ ጥርሶች። እንደ መኪና ዲፈረንሻል (ሁለቱ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርግ ክፍል) የለውም። ይህን ያዙት፤ ቁልቁለት ላይ ሲደረስ አደጋው የሚመጣው ከዚህ ነው።

ዋናው የማርሽ ዘንግ ሦስት የፊትና አንድ የኋላ ማርሽ ይሰጣል። ሁለተኛው ዘንግ ሪዶታ ወይም ፈጣን ይመርጣል። ሲባዛ 6 የፊትና 2 የኋላ ማርሽ ይሆናል። በሪዶታ 1ኛው በሰዓት 1.4 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 2ኛው 2.5፣ 3ኛው 4.1 ይሄዳል። በፈጣኑ 1ኛው 5.3፣ 2ኛው 9.4፣ 3ኛው 15.3 ነው። ፈጣኑ እያንዳንዱን ማርሽ በ3.7 ገደማ ያባዛዋል ማለት ነው፤ ፍጥነቱ በዚያ መጠን ሲጨምር የመጎተት ኃይሉ በዚያው መጠን ይቀንሳል።

አሜሪካ ውስጥ የሚሰበሰቡት የድሮ የጓሮ ትራክተሮችም፣ ለምሳሌ ባለ 8 ማርሹ ዊል ሆርስ፣ በዚሁ ሐሳብ ነው የተሠሩት፦ ሦስት የፊትና አንድ የኋላ፣ በሁለት ተባዝቶ። የእነሱ ፍሪሲዮን ግን ዲስክ የለውም፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ቺንጊያውን የሚወጥረው ፑሊ ይላላና ቺንጊያው ይንሸራተታል። እንዲህ ያለ ማሽን ያገኘ ሰው ከዚህ በታች ስለ ማርሽ አገባብና ስለ ሳጥኑ የተጻፈው ሁሉ ይጠቅመዋል።

ለምን ቆሞ ብቻ ማርሽ ይቀየራል?

መኪና ላይ ማርሽ ከመግባቱ በፊት የሁለቱን ጥርሶች ፍጥነት የሚያስተካክል የናስ ቀለበት አለ፤ ሲንክሮናይዘር የሚሉት። እዚህ እሱ የለም። ማርሽ ስታስገቡ ጥርሱ ራሱ ዘንግ ላይ ተንሸራቶ ከሌላው ጥርስ ጎን ይገባል። ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት የሚዞሩ ከሆነ ጫፍ ለጫፍ ይፋጫሉ። የምትሰሙት ጩኸት የጥርሱ ጠርዝ እየተበላ ነው። ጠርዙ ሲሸረፍ ማርሹ ግማሽ ብቻ ይይዛል፤ ግማሽ የያዘ ማርሽ ደግሞ ዘልሎ ይወጣል። አንዱ ብልሽት ሌላውን የሚወልደው እንዲህ ነው።

አገባቡ ይህ ነው። ጋዙን ወደ ዝቅተኛው አውርዱ። የፍሪሲዮን እጀታውን ወደ መሀል ሳቡና ማሽኑ ጨርሶ እስኪቆም ጠብቁ። ከቆመ በኋላም ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ታገሡ፤ የመግቢያው ዘንግ ፍሪሲዮን ከለቀቀ በኋላም በራሱ ግፊት ትንሽ ይዞራል። ከዚያ በመጀመሪያ ሪዶታውን ወይም ፈጣኑን ምረጡ፣ ቀጥሎ ዋናውን ማርሽ በእርጋታ እስከ መጨረሻው ግፉ። መግባቱ በእጅ ይታወቃል፤ ውስጥ ያለችው የብረት ኳስ ጎድጓዳዋ ውስጥ ስትወድቅ ዘንጉ ቀጭ ይላል። ያ ካልተሰማችሁ አልገባም።

ጥርስ ከጥርስ ትይዩ ከቆመ ማርሹ አይገባም። ይህ ብልሽት አይደለም። የማርሽ ዘንጉን በእግር መርገጥ፣ በመዶሻ እጀታ መምታት ሳጥኑ ውስጥ ጥርሱን የሚገፋውን ሹካ ያጣምማል። ዘንጉን ፎሌ (ምንም ማርሽ ያልገባበት ቦታ) ላይ መልሱ፣ ፍሪሲዮኑን ለቅጽበት አስይዛችሁ እንደገና ልቀቁት፣ ድገሙ። ሞተሩ ጠፍቶ ከሆነ እጀታውን ይዛችሁ ማሽኑን አንድ ጣት ያህል ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብታነቃንቁት ይገባል።

የትኛው ማርሽ ለየትኛው ሥራ እንደሚሆን ሲመረጥ ከፍታውን አትርሱ። ጎንደር ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የጣና ዳሩ ሜዳም ቢሆን ከ1,780 ሜትር በላይ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ አየር ከጉልበቱ ከ10 እጅ ከ1 እስከ 2 እጁን ያጣል። ስለዚህ ቆላ ላይ በሪዶታ 3ኛ የሚታረሰውን እዚህ በ2ኛ ማረስ ይሻላል፤ እርጥብ ዋልካ ላይማ ጥያቄ የለውም። ሮታቫተር (አፈር የሚፈጭ ተሽከርካሪ ስለት) ሲሠራ ሪዶታ 1ኛ ወይም 2ኛ ብቻ ነው። ሮታቫተሩ እየዞረ የኋላ ማርሽ አይገባም፤ ስለቱ ወደ ነጂው እግር ይመጣል። መጀመሪያ ሮታቫተሩን ፎሌ አድርጉ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ሂዱ።

ቺንጊያና ፍሪሲዮን

ማሽኑ ጭነት ሲያገኝ ሞተሩ እየጮኸ ጎማው ከቆመ የሚንሸራተተው ቺንጊያው ነው ወይስ ፍሪሲዮኑ? ከጎን ራቅ ብላችሁ ትልቁን ፑሊ ተመልከቱ። ፑሊው ራሱ ዘገም ካለ፣ የተቃጠለ ጎማ ከሸተተና ካንጫጨ ቺንጊያው ነው። ፑሊው በሙሉ ፍጥነት እየዞረ ጎማው ከቆመ ፍሪሲዮኑ ነው። ይህችን ሳያዩ ፍሪሲዮን የሚፈቱ ብዙ ናቸው።

ቺንጊያው መሀሉ ላይ በአውራ ጣት ሲጫን ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር መውረድ አለበት። ከዚያ በላይ ከወረደ ላልቷል። ካነሰ ከመጠን በላይ ተወጥሯል፤ ይህም የመግቢያ ዘንጉን ኩሽኔታ ይበላል። ለማስተካከል የሞተሩን ማሠሪያ ብሎኖች አላሉና ሞተሩን በመወጠሪያው ብሎን ወደ ፊት ግፉት። ከመጥበቁ በፊት ቀጥ ያለ ብረት ወይም የተወጠረ ሲባጎ በሁለቱ ፑሊዎች ፊት ላይ አሳርፉ፤ አንዱ ፑሊ ከብረቱ ከራቀ ሞተሩ ጠማማ ቆሟል። አንድ ቺንጊያ ሲበጠስ ሁሉም በአንድ ላይ ይቀየራሉ። አዲሱ ከአሮጌዎቹ ጋር ሲታሰር እሱ አጭር ስለሆነ ጭነቱን ብቻውን ይሸከምና ቶሎ ይበጠሳል።

አሁን ወደ ፍሪሲዮኑ። ማርሽ ስታስገቡ ሁልጊዜ የሚጮህ ከሆነ፣ 5 ሰከንድ ጠብቃችሁም ካልተወ፣ ፍሪሲዮኑ ጨርሶ አይለቅም ማለት ነው። ካምቢዮው ተበላሽቷል ተብሎ ከሚመጣው ማሽን ብዙው ይህ ነው። ልኬቱ አንድ ነው፦ ፍሪሲዮኑ በያዘበት ቦታ፣ በመልቀቂያው ኩሽኔታና በሦስቱ ክንዶች መካከል ከ0.3 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ክፍተት መኖር አለበት።

1. ሞተሩን አጥፉ፣ ማርሹን ፎሌ አድርጉ፣ መከለያውን ክፈቱ።
2. በእያንዳንዱ ክንድ ሥር ፊለር ጌጅ የሚባለውን ስስ የብረት ቅጠል አስገቡ። ከሌላችሁ ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት አንዱ ቅጠል 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አራት ቅጠል ደርባችሁ ሲገባ በትንሹ የሚይዝ ከሆነ ልክ ነው።
3. ሦስቱም ክንዶች እኩል ክፍተት ከሌላቸው በመጀመሪያ እነሱን እኩል አድርጉ። አንዱ ቀድሞ ከተነካ ዲስኩ አዘንብሎ ይለቃል፤ አዘንብሎ የለቀቀ ዲስክ በአንድ ጎኑ ይጎትታል።
4. ከዚያ ከእጀታው የሚመጣውን ረጅም ዘንግ መቆለፊያ ዳዶ አላልታችሁ ርዝመቱን አስተካክሉ፣ ዳዶውን መልሳችሁ አጥብቁ።
5. ሞተሩን አስነስታችሁ ሞክሩ።

ክፍተቱ ጨርሶ ከጠፋ ኩሽኔታው ሁልጊዜ ይገፋል፤ ሸራው ይንሸራተታል፣ ኩሽኔታውም ይቃጠላል። ከበዛ ደግሞ አይለቅም። አሮጌ ማሽን ላይ ዘንጉ የቱንም ያህል ቢስተካከል ክፍተቱ የማይረጋ ከሆነ በየመጋጠሚያው ያሉትን ፒኖችና ቀዳዳዎች ፈትሹ። ክብ የነበረው ቀዳዳ እንቁላል ቅርጽ ይዞ ይገኛል። ቶርኖ ቤት ተወስዶ ቡሽ የሚባል ቀለበት ቢገባበት ይስተካከላል፤ አዲስ ፒን ብቻ መቀየር ግን አያድነውም።

ሸራው ዘይት ከነካው በቤንዚን ታጥቦ ይደርቃል፤ የዘይቱ ምንጭ ግን ካልተዘጋ ተመልሶ ይመጣል። ምንጩ ሁለት ነው፦ የመግቢያ ዘንጉ ኦይል ሲል (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ቀለበት) አልቋል፣ ወይም ለኩሽኔታው ግራሶ በዝቶበታል። የሸራው ሪቬት ራስ ከሸራው ፊት ጋር ሊስተካከል ከተቃረበ ሸራው ይቀየር። ሪቬቱ ብረቱን ከጫረ በኋላ ፊቱ ካልተላገ አዲሱ ሸራ ቶሎ ያልቃል።

ቁልቁለትና መሪ

ይህ ክፍል ሕይወት ስለሚነካ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። በሁለቱ እጀታዎች ሥር ያሉት ምላሶች እያንዳንዳቸው የአንድ ጎማ ጉልበት ያቋርጣሉ። ሜዳ ላይ የግራውን ስትጨብጡ ግራው ጎማ ጉልበት ያጣል፣ ቀኙ መግፋቱን ይቀጥላል፣ ማሽኑ ወደ ግራ ይዞራል። ቁልቁለት ላይ ግን ሞተሩ እየገፋ ሳይሆን እየያዘ ነው። የግራውን ስትጨብጡ ግራው ጎማ ከመያዣው ይለቀቅና ይሮጣል፤ ቀኙ እንደተያዘ ነው። ማሽኑ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ ከፈለጋችሁት ተቃራኒ። ገደል ዳር ከሆነ ውጤቱ ይታወቃል።

ከጎንደር ወደ አዘዞ እንደሚወርደው ባለ መንገድ ላይ ምላሱን ባትነኩት ይመረጣል፤ እጀታውን በክንዳችሁ ገፍታችሁ አዙሩ። መንካት ግድ ከሆነ መዞር ከምትፈልጉበት በተቃራኒ ያለውን ለአጭር ጊዜ ጨብጡ። ሁለቱን ባንድ ላይ መጨበጥ ግን ፈጽሞ አይደረግም። ፍሬኑ ያለው ጎማው ላይ ሳይሆን ሳጥኑ ውስጥ ነውና ሁለቱ ሲጨበጡ ጎማዎቹ ከሞተሩም ከፍሬኑም ይለያያሉ። ፎሌ ሲደረግም ሞተሩ ጎማዎቹን መያዝ ያቆማልና ፎሌ አድርጎ መውረድ የለም። ሪዶታውን አናቱ ላይ ቆማችሁ አስገቡ፣ ጋዙን ዝቅ አድርጉ፣ እስከ ታች ማርሽ አትቀይሩ። ተጎታች ካለው የተጎታቹን የእግር ፍሬን ቀድማችሁ ያዙ፤ ጋሪው ማሽኑን ከኋላ እንዳይገፋው።

ምላሱ ሲጨበጥ ማሽኑ ካልዞረ ሽቦው ረዝሟል ወይም ዝጓል። ሲለቀቅ ጎማው ጉልበት ካልመለሰ፣ ወይም ጭነት ላይ ግር ግር እያለ ከያዘ፣ የመሪው ጥርስ ጠርዙ ተበልቷል አለዚያም የሚመልሰው ሞላ ደክሟል። ሽቦውን አስተካክሎ መሞከር ይቀድማል።

ዘይቱ

ሳጥኑ መመሪያው ያዘዘውን ዘይት ይወስዳል። መመሪያ ከሌለ 90 ቁጥር የካምቢዮ ዘይት፣ ጂኤል 4 የተጻፈበት፣ ይሁን። ጂኤል 5 የተጻፈበት የናስና የነሐስ ቡሽ ባለበት አሮጌ ሳጥን ውስጥ አይመከርም፤ የተጨመረበት ኬሚካል ቢጫውን ብረት ሊበላ ይችላል። ደረጃው ማሽኑ ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይለካል። ከልክ በላይ መሙላት ጥቅም የለውም፤ ዘይቱ ይሞቅና በሲሉ በኩል ወደ ፍሪሲዮኑ ይወጣል።

የሩዝ ማሳ ውስጥ የሚውል ማሽን የጎማ ዘንጎቹ ኦይል ሲሎች ውኃ ያስገባሉ። ክረምት ሲያልቅ ዘይቱን መቀየር እንደ ግዴታ ይታይ። በመካከልም አንድ ሌሊት ካደረ በኋላ ጠዋት ሞተሩን ሳታስነሱ ማፍሰሻውን ብሎን ትንሽ አላሉ። ውኃ ከዘይት ይከብዳልና ካለ መጀመሪያ የሚንጠባጠበው እሱ ነው። ከዘይቱ ጋር ከተመታ በኋላ ደግሞ ወተት የገባበት ቡና ይመስላል፤ ያ ዘይት ኩሽኔታ አያለሰልስም፣ ወዲያው ይቀየር።

ሲቀየር ማሽኑ ሠርቶ ሲመጣ ትኩስ እያለ አፍስሱ። የወረደውን በንጹሕ ነጭ ሳህን ላይ ጥቂት ያዙና በጣት መሀል አሹት። ደቃቅ ግራጫ ዱቄት የዕድሜ ነው። ቅርጽ ያለው ስብርባሪ የጥርስ ነው፤ ሳጥኑ ይከፈት። ቢጫ ብናኝ ከቡሽ ነው፣ ቅጠል የመሰለ ስስ ብረት ከኩሽኔታ። ከዚያ ጥቂት ናፍጣ ጨምራችሁ ማሽኑን በእጅ ግፉት፣ አፍስሱ፣ አንጠፍጥፉ፣ አዲሱን ሙሉ። በናፍጣ ሞተሩን አስነስቶ ማሽከርከር ግን ጥርሱን ይጎዳል።

ሳጥኑ ሲከፈት

የውጪው ሁሉ ተስተካክሎ አሁንም ማርሽ እየዘለለ ከወጣ ውስጡ ነው። አንድ ማርሽ ብቻ ከዘለለ የዚያ ማርሽ ጥርስ ወይም ሹካ ተበልቷል። ሁሉም ከዘለለ የኳሷ ሞላ ደክሟል ወይም የዘንጉ ኩሽኔታ ልል ሆኗል። ዘንጉ ሁለት ማርሽ ባንድ ጊዜ ይዞ ከተቆለፈ ማሽኑን አታስገድዱት፤ ክዳኑ ይነሳና ሹካዎቹ በካቻቢቴ ወደ ፎሌ ይመለሳሉ።

ከመክፈታችሁ በፊት ውጪውን እጠቡ፤ የዋልካ ጭቃ ውስጥ ከገባ አሸዋ እንደመጨመር ነው። ዘይቱን አፍስሱ፣ ፎሌ አድርጉ፣ ብሎኖቹን ማዶ ለማዶ እያፈራረቃችሁ አላሉ። ክዳኑን ስታነሱ ጨርቅ ጣል አድርጉበት፤ ኳስና ሞላው ተፈናጥረው ይጠፋሉ። እያንዳንዱን እርምጃ በስልክ ፎቶ አንሱ፣ ስስ ሮንዴላዎቹን ከየት ወገን እንደወጡ ለያይታችሁ በሽቦ እሰሩ። የእነሱ ውፍረት የዘንጉን መላወስ ይወስናል። ጋስኬቱም እንዲሁ ነው፦ በኩሽኔታው ክዳን ሥር የነበረው ስስ ወረቀት ከሆነ በወፍራም ካርቶን ሲተካ ዘንጉ ወደ ጎን መላወስ ይጀምራል፣ ማርሹም ተመልሶ ይዘልላል። አሮጌውን ለክታችሁ በዚያው ውፍረት ቁረጡ።

የተሰበረ ጥርስ በብየዳ መሙላት የተለመደ ነው፤ አይመከርም። የማርሽ ጥርስ ፊቱ በሙቀት የተጠነከረ ነው፤ ብየዳው ያን ጥንካሬ ያጠፋል፣ ጥርሱ ሲሰበርም ጤነኛውን ጎረቤቱን ይዞ ይሄዳል። ከተፈታ ሌላ ማሽን የወጣ ጥርስ፣ ሁለቱ ተጋጣሚዎች አብረው ቢገኙ ይበልጥ፣ ከተበየደው ይሻላል።

ኩሽኔታ ስትገዙ "የትራክተር ኩሽኔታ" ብላችሁ አትጠይቁ፤ ጎኑ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። ቁጥሩ የትም አገር አንድ ነው። 6205 ማለት ውስጡ 25፣ ውጪው 52፣ ውፍረቱ 15 ሚሊ ሜትር ነው፤ 6207 ደግሞ 35 በ72 በ17። በእነዚህ ዓይነቶች ላይ የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች በ5 ብታባዙ የዘንጉን ስፋት ታገኛላችሁ። ኦይል ሲልም ሦስት ቁጥር አለው፦ የውስጥ፣ የውጪ፣ የውፍረት። ስትገጥሙት ሞላ ያለበት ከንፈር ወደ ዘይቱ ይዙር፤ ከንፈሩን ዘይት ቀቡት፣ በእንጨት ዙሪያውን እኩል እየመታችሁ አስገቡት።

ሳጥኑ ከተዘጋ በኋላ ሞተሩ ሳይነሳ እያንዳንዱን ማርሽ በእጅ አስገብታችሁ ማሽኑን ግፉ፤ የሚያንቅ ቦታ ካለ አሁን ይገኝ። ከዚያ ያለ ጭነት በየማርሹ ጥቂት ጥቂት ደቂቃ ይሂድ፣ የኩሽኔታዎቹን ክዳን በእጅ ዳብሱ። እጅ የማያስቀምጥ ሙቀት ያለው ኩሽኔታ ከመጠን በላይ ጠብቋል። ከ10 ሰዓት ሥራ በኋላ ብሎኖቹን ደግማችሁ አጥብቁ፣ የዘይቱን ደረጃ እዩ፣ የፍሪሲዮኑን ክፍተት እንደገና ለኩ፤ አዲስ ሸራ ከተገጠመለት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክፍተቱ ይለወጣል።